ሃርሞኖግራፌ ቶሎ ይቆማል፣ መስመሩም ይንቀጠቀጣል፤ ምን ላስተካክል?

ጠያቂ፦ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ኤግዚቢሽን ተማሪዎች ራሳቸው እየገፉ የሚስሉበት ባለ ሁለት ፔንዱለም (ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት) ሃርሞኖግራፍ ነው። አንዱ እስክሪብቶውን፣ ሌላው ወረቀቱን ያንቀሳቅሳል። ሁለቱም ከመንጠልጠያው እስከ ክብደቱ 80 ሴ.ሜ. ናቸው፤ እያንዳንዱ 1 ኪሎ ይዟል። የእንጨት ዘንጎቹ የተንጠለጠሉት ቀዳዳቸው ውስጥ ባለፈ ብሎን ነው። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ይቆማል፣ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ የሚወጣውም ሁልጊዜ ሞላላ ክብ ነው።

አባል 1፦ ብሎኑን ያውጡት። እንጨቱ ብሎኑን እያሸ ጉልበቱን ይጨርሰዋል። በዘንጉ ግራና ቀኝ ጫፋቸው የሾለ ሁለት ብሎኖች ወደ ታች ይሰሩለት፤ ጫፎቹ ብረት ላይ በፖንሳ (በሾለ የብረት መምቻ) በተመቱ ትንንሽ ጉድጓዶች ይረፉ። ክብደቱንም ወደ 3 ወይም 4 ኪሎ ያሳድጉት፤ በቆርቆሮ ጣሳ የተሞላ ሲሚንቶ ይበቃል።

አባል 2፦ ኩሽኔታም (ቦል ቤሪንግ) ይሠራል፤ ግን ግራሱ በነጭ ጋዝ መታጠብ አለበት፣ አለዚያ ከብሎኑ ብዙም አይሻልም።

ሞላላው የመጣው ርዝመታቸው እኩል ስለሆነ ነው። የውዝዋዜው ጊዜ የሚያድገው በርዝመቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ዓይነት ሥዕል እንዲወጣ የውዝዋዜ ጊዜያቸውን 3 ለ 2 ለማድረግ ርዝመቶቹ 9 ለ 4 መሆን አለባቸው። አንዱን 80 ላይ ይተዉት፣ የሌላውን ክብደት ከመንጠልጠያው 35.5 ሴ.ሜ. ላይ እስኪሆን ከፍ ያድርጉ። ወረቀቱን ረጅሙ ይሸከም፤ ማስቀመጫውም ስስ ኮምፔልሳቶ ይሁን፣ ከመንጠልጠያው በላይ ያለ ክብደት ፔንዱለሙን ያዘገያልና። በዚሁ ምክንያት ከሜትር ይልቅ ቆጠራ ይመኑ፦ ረጅሙ 20 ጊዜ ሲወዛወዝ አጭሩ 30 መድረስ አለበት። ልክ ሲሆን ክብደቱን 2 ሚ.ሜ. ያህል ያዛቡት። ሥዕሉ ቀስ እያለ የሚዞረው፣ ውበቱም የሚመጣው ያኔ ነው።

አባል 3፦ ስለ መንቀጥቀጡ፦ መጀመሪያ ጠረጴዛውን በእጅዎ ይንኩት። አብሮ የሚነቃነቅ ከሆነ እግሮቹን በሰያፍ ሞራሌ ያስሩ፤ ካልሆነ አንዱ ፔንዱለም ሌላውን በጠረጴዛው በኩል ይረብሸዋል። ቀጥሎ እስክሪብቶው ነው። ተራ ቢክ መጫን ይፈልጋል፣ ጄል ይሻላል። እስክሪብቶውን በያዘው ክንድ ኋላ ጫፍ ዳዶ እየጨመሩ ወረቀቱን ለጥቂት ብቻ እንዲነካ ያመጣጥኑት።

ጠያቂ፦ ተማሪዎቹ ሲገፉ መጀመሪያ ላይ የተጣመመ መስመር ይወጣል። እሱስ?

አባል 3፦ ክንዱን በክር ከፍ አድርገው ይያዙት፤ ፔንዱለሞቹ ተለቀው አንድ ሁለቴ ከተመላለሱ በኋላ ክሩን ይልቀቁ። ሊቆሙ ሲሉ መልሰው ያንሱት፣ አለዚያ መሃሉ ላይ ቀለም ይቋጠራል። ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይጎትቱም በሁለቱም በኩል ስፖንጅ የለበሰ ማቆሚያ ያድርጉ። 4 ኪሎ እግር ላይ እንዳይወድቅ ክብደቱን ከዘንጉ ጋር በተጨማሪ ገመድ ይሰሩት።