ግራና ቀኙ ገደል የሆነ የአለት ተረተር፦ በገመድ ተያይዞ መሄድ ይሻላል?

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ሆነን አንድ የአለት ተረተር ለመሻገር አስበናል። ርዝመቱ 500 ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው በእግር ይኬዳል፣ በእጅም በእግርም እየቧጠጡ የሚወጣባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉት፣ መሃል ላይ ደግሞ ከ1 ሜትር በታች ይጠባል። ሁለታችን ልምድ አለን፣ ሁለቱ ግን ለአለት አዲስ ናቸው። አንድ የ30 ሜትር ገመድ ይዘናል። አራታችንም ተያይዘን ብንሄድ ይሻላል? ከአናቱ ዝቅ ብሎ በጎን የሚያልፍ ቀጭን መንገድም ይታያል፤ ጀማሪዎቹን በዚያ ብንወስዳቸውስ?

ቋጥኝ
ገመዱ ከአለቱ ጋር ካልተያያዘ ተያይዛችሁ እንዳትሄዱ። አራት ሰው ወገቡን አስሮ ዝም ብሎ ቢከታተል፣ አንዱ ሲንሸራተት ሦስቱን ይዞ ነው የሚወርደው። በጣት ስፋት መርገጫ ላይ የቆመ ሰው፣ የወደቀ ጓደኛው ክብደት ድንገት ሲጎትተው ሊቋቋም አይችልም።

በተረተር ላይ ገመድ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ የፊተኛው ሰው ገመዱን ቀጥ ብለው በቆሙ የአለት ቀንዶች መሃል አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያሳለፈ ይሄዳል። የሚያመች ቀንድ ሲያገኝ ስሊንግ የሚባለውን ባለ 120 ሴንቲሜትር የጨርቅ ቀለበት ያጠልቅበትና ገመዱን በካራቢነር (ተከፍቶ በሚዘጋ የብረት ቀለበት) ያያይዘዋል። በሁለት ሰዎች መካከል ምንጊዜም ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት እንዲህ ያለ መያዣ መኖር አለበት። ቀንዱን ከማመናችሁ በፊት በመዳፍ ምቱት። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ወይም ሥሩን ስንጥቅ ከከበበው እለፉት።

ገመዱ ራሱም የሚለጠጥ፣ ለአለት መውጫ የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። የማይለጠጥ ገመድ የውድቀቱን ኃይል በሙሉ ወደ ሰውነትና ወደ መያዣው ያስተላልፋል። ወገብ ላይ ብቻ ማሰርም አይበቃም፣ ሀርነስ (ወገብንና ጭኖችን የሚይዝ መታጠቂያ) ያስፈልጋል።

ለእናንተ ገመዱ የሚጠቅመው በአንድ መንገድ ነው። አጭር ቀጥ ያለ ቦታ ስትደርሱ አንዱ ልምድ ያለው ቀድሞ ይወጣል፣ ራሱን ከጠንካራ አለት ጋር ያስራል፣ ከዚያ ጀማሪዎቹን አንድ በአንድ እየያዘ ያወጣቸዋል። ሁለታችሁ ይህን ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ተለማምዳችሁ ካላወቃችሁት፣ መማሪያው ያ ተረተር አይደለም፤ ቀለል ያለ ምረጡ።

እርከን
የጎኑ መንገድ ሲታይ ያማልላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ከአናቱ ይብሳል። ከአናቱ የሚላቀቅ ድንጋይ ሁሉ የሚያርፈው ጎን ላይ ነው። ስለዚህ አናቱ ንጹሕና የጸና አለት ሆኖ ሲቀር ጎኑ ኮረትና ልል አፈር ይከመርበታል። በዚያ ላይ ከላይ የሚሄዱት ሁለቱ የሚነኩት ድንጋይ ከታች ባሉት ጀማሪዎች ራስ ላይ ይወርዳል። እንዲህ ያሉ ቀጫጭን መንገዶች መውጫ አጥተው የተመለሱ ሰዎች የረገጧቸውም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጥቂት ሄደው ገደል ላይ ያበቃሉ። እስከ መጨረሻው በደንብ የተረገጠ መሆኑንና ተመልሶ አናቱ ላይ የሚገናኝበትን ቦታ በዓይናችሁ ካላያችሁ አትግቡበት። ከሁሉም በላይ ጀማሪዎቹን ከእናንተ አትለዩ።

የእግር አረጋገጥን በተመለከተ፣ ጀማሪ ሲፈራ አለቱን በደረቱ ያቅፋል፤ የሚያስወድቀው ይኸው ነው። ደረት ወደ አለቱ ሲጠጋ ክብደት ከመርገጫው ላይ ይነሳና እግር ወደ ውጭ ይንሸራተታል። ወገብን ከአለቱ ትንሽ አርቆ፣ ተረከዝን ዝቅ አድርጎ፣ በጫማው አፍንጫ መቆም ነው። በጉልበት ተንበርክኮ መውጣት ክልክል ይሁን፣ ከጉልበት ተነስቶ ለመቆም ሚዛን አይገኝምና። ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ምንጊዜም አለቱ ላይ ናቸው፤ የሚንቀሳቀሰው አንዱ ብቻ ነው። ድንጋይ ሲያዝ ወደ ታች ይጫኑታል እንጂ ወደ ውጭ አይስቡትም፤ ልል የሆነው እንደ መሳቢያ ተስቦ የሚወጣው ወደ ውጭ ሲጎትቱት ነው።

የጠበበው ቦታ ላይ ሁለት አማራጭ አለ። አናቱ ጠፍጣፋ ካልሆነ፣ እንደ ፈረስ ግራና ቀኝ እግር አንሰራፍቶ ተቀምጦ እጅን ወደ ፊት እያስቀደሙ መንፏቀቅ። ወይም ከአናቱ ዝቅ ብሎ መርገጫ ካለ፣ አናቱን በሁለት እጅ ይዞ በጎን መራመድ። ይህን መርገጫ የድንጋይ ሽበት (አለት ላይ የሚበቅል አረንጓዴ ልባስ) ከሸፈነውና እርጥብ ከሆነ ግን አትመኑት።

ከቦርሳ ውጭ የሚንጠለጠል ነገር አይኑር። ምርኩዝ ታጥፎ ውስጥ ይግባ። ከቦርሳ ውጭ የታሰረ የመኝታ ፍራሽ ጠባብ ቦታ ላይ ስትዞሩ አለት ከነካ ወደ ገደሉ ይገፋችኋል። ሄልሜት ለአራታችሁም ነው።

ደመና
ንፋሱን አትርሱ። የንፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ በ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት የምትቋቋሙት በ60 ሌላ ነገር ነው። ትንበያ ስታዩ አማካዩን ሳይሆን ድንገተኛውን ግፊት እዩ። ወደ ንፋሱ ተደግፎ የሚሄድ ሰው፣ ንፋሱ በድንገት ሲቆም ወደዚያው ወገን ይወድቃል። ተረተሩ ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ ደግሞ ንፋሱ ተጨምቆ ስለሚያልፍ ይበረታል።

መብረቅ ታይቶ ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከተሰማ ማዕበሉ በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው፤ ያኔ ከአናቱ መውረድ ግድ ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቁ። ጎድጎድ ያለ አለት ሥር ወይም አጭር ዋሻ ውስጥ አትጠለሉ፣ ኤሌክትሪኩ ከአናቱ ወደ ታች ሲወርድ በዚያ ክፍተት ዘሎ ያልፋል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ከተረተሩ መውረድ የሚቻልባቸውን ቦታዎች ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ጎኑን ትተነዋል። አንዱ መሃል ላይ ፈርቶ ቢደርቅስ?

ቋጥኝ
በእጁ አትጎትቱት፣ ሁለታችሁም ሚዛን ታጣላችሁ። አንዱ ከጎኑ ይጠጋና አንድ በአንድ ይንገረው፦ መጀመሪያ ትንፋሹን በረጅሙ እንዲያስወጣ፣ ቀጥሎ ተረከዙን ዝቅ እንዲያደርግ። የሚንቀጠቀጥ እግር ተረከዙ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ይረጋል። ከዚያ ቀጣዩን መርገጫ በጣት እያሳየ አንድ እርምጃ ብቻ ያራምደው። ሌሎች ከፊትም ከኋላም አይጩኹበት።

የሚበጀው ግን ቀድሞ መለየት ነው። በመጀመሪያዎቹ 50 ሜትሮች ውስጥ ወድቀው የማይጎዱበት 2 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው አለት ፈልጉና ሁለቱም ደጋግመው ይውጡት፣ ይውረዱት። ሲወርዱ ፊታቸው ወደ አለቱ ይሁን። የወጡትን መውረድ ካቃታቸው እዚያው ተመለሱ፣ ከጠበበው ቦታ በኋላ መመለስ በጣም ይከብዳል። በጉዞው ላይ ልምድ ያላችሁ ሁለታችሁ አንዳችሁ ከፊት አንዳችሁ ከኋላ ሁኑ። ቁልቁል ቧጦ በሚወረድበት ደግሞ ከእናንተ አንዱ ቀድሞ ወርዶ ከሥራቸው ገለል ብሎ መርገጫውን ይንገራቸው።