ፖሊስ ነኝ ብሎ የቀማ ሰው በስንት ወንጀል ይከሰሳል?

ሕግ የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ታናሽ ወንድሜ አምሽቶ ከታክሲ ሲወርድ፣ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች መታወቂያ ብልጭ አድርገው «ፖሊስ ነን፣ ትፈለጋለህ» ብለው ይዘውት ሄዱ። ጨለማ ቦታ ሲደርሱ ደብድበው ስልኩን ወሰዱ፤ የሚስጥር ቁጥሩን አስገድደው ተቀብለውም ብሩን በሞባይል አዘዋወሩ። አንደኛውን የሰፈር ልጆች ያዙት። ኪሱ ውስጥ ሐሰተኛ መታወቂያና ካቴና ተገኝቷል።

ያስጨነቀኝ መርማሪው «ጉዳዩ ውንብድና ብቻ ነው» ማለቱ ነው። ውንብድና በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 670 ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ አንብቤያለሁ። ግን ፖሊስ መስሎ መቅረቡስ? ሐሰተኛ መታወቂያውስ? በተደራራቢ ወንጀል ሊከሰስ አይገባም? ለእኔ ከብሩ በላይ የከበደው ይሄ ነው። ወንድሜ አሁን እውነተኛ ፖሊስ ሲያይ እንኳ ይደነግጣል።

ተጠርጣሪው በሕገ መንግሥቱ መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ ስላለበት ጊዜ የለኝም። ማመልከቻ የማስገባው ለጣቢያው ኃላፊ ነው ወይስ ለዐቃቤ ሕግ? ካቴናውና መታወቂያው በኤግዚቢትነት መመዝገባቸውንስ በምን አረጋግጣለሁ? ሁለተኛው ሰውዬ ገና አልተያዘም።