ፊሊበስተር ይቅር ወይስ ይቆይ?

ክርክሩን የከፈተው፦
ሰላም ለቤቱ። ትናንት ቡና ላይ ተጀምሮ ያላለቀ ክርክር ነው፤ ፍረዱኝ። የአሜሪካ ሴኔት 100 መቀመጫ አለው። 51 ያገኘ ያሸንፋል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አብዛኛው ረቂቅ ሕግ ግን ለመጨረሻው ድምፅ እንዲቀርብ መጀመሪያ 60 ሴናተሮች «ክርክሩ ይብቃ» ማለት አለባቸው። 41 ሰው እምቢ ካለ ረቂቁ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ፊሊበስተር የሚሉት ይሄንን ነው።
እኔ ይቅር ባይ ነኝ። ስሙ ራሱ ያጋልጠዋል። ከደች ቋንቋ የመጣ ነው፤ «ነፃ» እና «ዘረፋ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ፣ የባሕር ወንበዴ መጠሪያ። ስፔኖች «ፊሊቡስቴሮ» አሉት፤ ከዚያ እንግሊዝኛ ገባ። ወንበዴ ምክር ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?

የቃላት ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ መሃሉን ዘለልከው። አሜሪካኖች በ1850ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ፊሊበስተር ሲሉ በአእምሯቸው የነበረው የድሮው የባሕር ወንበዴ አልነበረም። የግል ጦር ሰብስቦ የሰው አገር የሚወር አሜሪካዊ ነበር። ዋናው ዊልያም ዎከር ነው። በ1855 ኒካራጓ ገባ። በ1856 ራሱን ፕሬዚዳንት አደረገ፤ ቀርቶ የነበረውን ባርነትም መለሰ። በ1860 ሆንዱራስ ውስጥ ተረሸነ። ምክር ቤት ውስጥ ሥራ የሚያደናቅፍ ሰው ይህ ስም የተለጠፈበት በዚያው ዘመን ነው። ስድብ ነበር፤ በኋላ የደንብ ስም ሆኖ ቀረ።

አራዳው፦
1855 እኮ የእኛው ካሳ ዓፄ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠበት ዓመት ነው። በአንድ ዓመት ልዩነት ሁለት ሽፍታ ቤተ መንግሥት ገባ 😄

የቃላት ወዳጅ፦
ካሳን ከዎከር ጋር? ተወኝ በናትህ። ካሳ የሸፈተው በገዛ አገሩ ነው።

ኳስ አፍቃሪ፦
ወደ ነገሩ እንመለስ። ፊሊበስተር በአማርኛ «ሰዓት መግደል» ነው፤ ረቂቁ ድምፅ እንዳይሰጥበት ክርክሩን ማራዘም። ግብ ጠባቂው ተጋድሞ የጫማውን ክር ሲያስር አይታችኋል? እሱን ነው። ያናድዳል፣ ግን ይቆይ ባይ ነኝ። 51 ያገኘ ሁሉ እንዳሻው ከፈነጨ፣ ሕጉ በየምርጫው ሊገለባበጥ ነው። የዛሬ አሸናፊ ነገ አናሳ ይሆናል።

የሜሪላንዷ፦
ወንድሜ፣ አናሳ የምትለው ማንን ነው? ታሪኩን እየው። በ1922 በነጭ መንጋ የሚፈጸመውን የጥቁሮች ግድያ የሚከለክል ረቂቅ የተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። ሴኔት ውስጥ የደቡብ ሴናተሮች ሰዓት ገደሉበት። እንዲህ ያለ ሕግ የወጣው በ2022 ነው። መቶ ዓመት! በ1957 ሴናተር ስትሮም ተርመንድ የሲቪል መብት ሕግ ለማስቀረት 24 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ቆሞ ተናገረ። የ1964ቱን ደግሞ 60 የሥራ ቀን ያዙት። ከለላ ያገኘው ጥቁሩ አይደለም፤ የሚጨቁነው ነው።
የእኛም ልጆች ቀምሰውታል። በሕፃንነታቸው መጥተው ወረቀት የሌላቸውን የሚመለከተው ድሪም አክት በ2010 በ55 ድምፅ ተደግፎ በ41 ወደቀ። ለልጅ አስረዳው እስቲ፤ 55 ከ41 አነሰ በለው።

ኳስ አፍቃሪ፦
እህቴ፣ እዚያ ላይ መልስ የለኝም፤ ያማል። ግን ነገ ያንኑ ልጅ የሚያባርር ረቂቅ በ51 ድምፅ ቢመጣ በምን ታቆሚዋለሽ? ለዚህ ነው ሁለቱም ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ የሚጠላው፣ ሲያጣ የሚወደው። በ2013 ዴሞክራቶቹ ለአብዛኛው ሹመት አስቀሩት። በ2017 ሪፐብሊካኖቹ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችም አነሱት።

ጋሼ፦
ልጆች፣ እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። ድሮ ቢያንስ ቆመው፣ ላብ ወርዷቸው ነበር። አሁን ማንም አይቆምም። «እንቃወማለን» ብለው ያሳውቃሉ፣ ነገሩ ይቆማል፣ እነሱ እራታቸውን ይበላሉ። በ2025 ሴናተር ኮሪ ቡከር 25 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ተናግሮ የተርመንድን ሪከርድ ሰበረ። እሱ ግን የሚያግደው ረቂቅ እንኳ አልነበረም። የሚናገረው አያግድም፣ የሚያግደው አይናገርም። ማገድ የፈለገ ይቁምና ይናገር ነው የምለው፤ ጉልበቱን እንይ።

ክርክሩን የከፈተው፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ይሻላል። በስሙ የተከራከርኩትንም አንስቻለሁ፤ የቃላት ወዳጅ ረታኝ። ይቅር ማለቴን ግን አልተውኩም። ኳስ አፍቃሪ፣ አንድ ጥያቄ፦ ሜዳ ላይ ሰዓት ሲገደል ዳኛው ደቂቃ ይጨምራል። ሴኔት ውስጥ ማን ይጨምራል?

ኳስ አፍቃሪ፦
ዳኞቹ ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው። የ60ውን ደንብ በ51 ድምፅ ማለዘብ ይቻላል እኮ። በ2022 ዴሞክራቶቹ ለምርጫ ሕግ ሲሉ ሞክረውት 48 ለ52 ወደቀ። ከዴሞክራቶቹ ወገን ሁለቱ ከሪፐብሊካኖቹ ጋር ድምፅ ሰጡ።