ማታ ተነክሮ ጠዋት የሚጋገር ጣፋጭ ዳቦ፦ መሃሉ ሊጥ እየሆነብኝ ነው፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በዓሉ 5 ቀን ቀርቶታል፣ ጠዋት ቁርስ የሚበላ 12 ሰው ቤቴ ያድራል። ማታ አዘጋጅቼ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሬው ጠዋት ኦቭን ውስጥ ብቻ የምከተው ነገር ስለፈለግኩ፣ ያንን ተቆራርጦ በእንቁላል፣ በወተት፣ በስኳርና በቀረፋ ተነክሮ የሚጋገረውን ዳቦ አስቤያለሁ። ባለፈው በዓል ሞክሬው ነበር። ላዩ ጠቆረ፣ ዳር ዳሩ ደረቀ፣ መሃሉን በማንኪያ ስከፍተው ግን ጥሬ ሊጥ ነው የሚመስለው፣ ከሥሩም ወተት አቅርሯል። እንግዳ ፊት በጣም ነው ያፈርኩት። ለ6 ሰው የሚሆነውን መጠን እጥፍ አድርጌ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን፣ 200 ዲግሪ ላይ፣ ለ50 ደቂቃ ነው የጋገርኩት። ዳቦው የዚያኑ ቀን የወጣ ለስላሳ ዳቦ ነው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ 1፦ እጥፍ አድርገሽ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን መጋገርሽ ነው። ሙቀቱ ከዳር ወደ መሃል ስለሚገባ ሳህኑ በጠለቀ ቁጥር መሃሉ ሳይበስል ዳሩ ያርራል። 200 ዲግሪም ለእንቁላልና ለወተት ይበዛል፣ 175 ይበቃል። ለሁለት ክፈዪው። ጎንና ጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር ለሆነ አንድ ሳህን 250 ግራም ዳቦ፣ 4 እንቁላል፣ 300 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ትንሽ ቫኒላና ቁንጥር ጨው። ከፍታው ከ5 ሴንቲ ሜትር አይለፍ። ቀረፋው ላይ እንዳይንሳፈፍ መጀመሪያ ከስኳሩ ጋር በደረቁ ቀላቅዪውና ከዚያ እንቁላሉ ውስጥ ምቺው፣ ወተቱ መጨረሻ ይግባ።

መልስ 2፦ ልጄ፣ የሳህኑ ነገር እውነት ነው፣ እኔ ግን ከሁሉ በፊት ዳቦውን ነው የምለው። ትኩስ ዳቦ የራሱ እርጥበት ስላለው ወተቱን ሳይጠጣ ላዩ ላይ ይላቁጣል፣ የተረፈው ወተት ሥር ይቀመጣል። ከመንከርሽ አንድ ቀን በፊት የአውራ ጣት ያህል አድርገሽ ቁረጪውና ትሪ ላይ በትነሽ ሳትሸፍኚ ተዪው። ጊዜ ካጠረሽ 150 ዲግሪ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አድርቂው፣ መልኩ እንዳይቀየር ብቻ ተጠንቀቂ። ስትጫኚው ኮሽ ካለ ደርሷል።

ስትነክሪው አንድ ጊዜ አፍስሰሽ አትሂጂ። ግማሹን ዳቦ ደርድሪ፣ ግማሹን አፍስሺ፣ ቀሪውንም እንደዚያው። በማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርገሽ ተጫኚው፣ 10 ደቂቃ ቆይተሽ ድገሚው። ጠዋት ሳህኑን በአንድ ጎን ትንሽ አዘንብለሽ እዪ። ጥግ ላይ ፈሳሽ ከተጠራቀመ ዳቦው ጠጥቶ አልጨረሰም፣ እዚያው ጋ ሁለት ሦስት ደረቅ ቁራሽ ሸጉጪበት። እኔ ለዚሁ ብዬ ሁልጊዜ ጥቂት ቁራሽ አስቀራለሁ።

መልስ 3፦ የመስታወት ሳህን ከሆነ ከፍሪጅ አውጥተሽ ቀጥታ የጋለ ኦቭን ውስጥ እንዳትከቺ! እኔ ተሰንጥቆብኝ ቁርሱን ከነስብርባሪው ደፍቻለሁ። ኦቭኑ እስኪሞቅ 30 ደቂቃ ያህል ውጭ ይቆይ። የብረት ሳህን ካለሽ እሱ ይሻላል። የመጀመሪያውን 25 ደቂቃ በፎይል ሸፍነሽ፣ ከዚያ ገልጠሽ ሌላ 20 ደቂቃ።

መልስ 4፦ በፎይሉ አልስማማም። ከመጀመሪያው ከሸፈንሽው እንፋሎቱ ላዩን ያለሰልሰዋል። እኔ ገልጬ ነው የምጀምረው፣ መልኩ ሲመጣ ብቻ ነው የምሸፍነው። ላዩ ላይ ደግሞ 50 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ቀረፋ በጣት አሽተሽ ፍርፍር ሲል በትኚበት። ይህ ለአንድ ሳህን ነው። ማታ ግን እንዳትበትኚው፣ ስኳሩ ሟሙቶ ይሰምጣል። በሌላ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ይደር።

ጠያቂ፦ እናቴ፣ ሳህኑን የማዘንበሉን ነገር ባውቅ ኖሮ ያኔም አላፍርም ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱን ሳህን አንድ ላይ መጋገር ይቻላል? መብሰሉንስ በምን ልወቅ? ላዩ አንዴ ሸውዶኛል።

መልስ 1፦ መሃለኛው መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ከገቡ ጥሩ ነው። ካልሆነ አንዱን ላይ አንዱን ታች አድርጊና 25 ደቂቃ ላይ ቦታቸውን ቀያይሪ፣ በአጠቃላይ 10 ደቂቃ ያህል ጨምሪ። ላዩን አትመኚው። ቀጭን ቢላ መሃሉ ላይ አስገቢ፣ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይዞ ከወጣ መልሺው። የምግብ ቴርሞሜትር ካለሽ መሃሉ 74 ዲግሪ ሲደርስ አውጪው። ሲወጣ ተነፍቶ ከዚያ ዝቅ ይላል፣ ያ ጤነኛ ነው፣ እንዳትደነግጪ። ሳይቆረስ 10 ደቂቃ ይረፍ፣ ያኔ ነው የሚጠብቀው።

መልስ 5፦ ፍራፍሬ ልጨምር ካልሽ ከፍሪዘር የወጣውን ተዪው፣ ውሃ ይለቃል። ዘቢብ ይሻላል። ኦቾሎኒም ሆነ ሌላ ለውዝ ከመጨመርሽ በፊት ከእንግዶቹ የማይስማማው ሰው ካለ ጠይቂ። የተነከረው ደግሞ ውጭ አይደር፣ ጥሬ እንቁላል ነው።

ጠያቂ፦ ትናንት ማታ በአንድ ሳህን ሞከርኩት። ዳቦውን ኦቭን ውስጥ 12 ደቂቃ አደረቅኩት፣ ጠዋት ሳዘነብለው አንድ ጥግ ላይ ትንሽ ፈሳሽ ስለነበር ሁለት ቁራሽ ሸጎጥኩ። ፎይሉን በመልስ 4 አካሄድ አደረግኩት፣ 30ኛው ደቂቃ ላይ ሸፈንኩት። 45 ደቂቃ ላይ ቢላው ንጹሕ ሆኖ ወጣ። መሃሉ ለስላሳ፣ ላዩ ኮሽ የሚል። ልጆቹ ጥግ ጥጉን ሲሻሙ ነበር። ስኳሩ ግን ፍርፍሩ ሲጨመርበት ለእኛ በዝቷል፣ ለበዓሉ ውስጡን ወደ 3 ማንኪያ አወርደዋለሁ።