ጥቆማ፦ ለሕፃናት የሚታዘዝ ፈሳሽ አንቲባዮቲክ በጅማ፣ ከየት ይገዛ? በምንስ ይለካ?

ጠያቂ፣ ቦሳ ኪቶ

የ3 ዓመት ልጄ ጆሮዋን ታማ አሞክሲሲሊን ሽሮፕ 250 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ለ7 ቀን ታዝዞላታል። አንዱ መድኃኒት መሸጫ 125 የሚል ጠርሙስ፣ ሌላው 250 የሚል ጠርሙስ አሳየኝ፤ ዋጋቸውም ይለያያል። ቤታችን ፍሪጅ የለም። የትኛውን ብወስድ፣ ከየትስ ብገዛ ይሻለኛል?

ፋርማሲስት፣ ሄርማታ

ልጅዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። ከዋጋው በፊት ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር እንመልከት። 125 የሚለው በየ5 ሚሊ ሊትሩ 125 ሚሊ ግራም መድኃኒት ሲኖረው፣ 250 የሚለው በዚያው 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ እጥፉን ይዟል። ስለዚህ የታዘዘላትን 250 ሚሊ ግራም እንድታገኝ ከመጀመሪያው 10፣ ከሁለተኛው 5 ሚሊ ሊትር ይሰጣታል። በትክክል ከተለካ ሁለቱም እኩል ይሠራሉ። አደጋ የሚመጣው አንዱ ጠርሙስ ታይቶ የተነገረ ልክ በሌላው ጠርሙስ ሲሰጥ ነው፤ ያኔ ልጅቷ ወይ ግማሹን ወይ እጥፉን ትወስዳለች። በዚህ ምክንያት «አንድ ማንኪያ ስጪ» የሚል ምክር፣ ከዘመድም ከባለሙያም ይምጣ፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ ሳይነገርዎ አይቀበሉት።

ዋጋውንም በጠርሙስ ሳይሆን ለ7 ቀን በሚያስፈልገው መጠን ያወዳድሩ። በ250ው 5 ሚሊ ሊትር በቀን 3 ጊዜ ለ7 ቀን 105 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በ125ቱ ደግሞ 210 ሚሊ ሊትር ነው። ጠርሙሱ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ከሆነ ባለ125ቱ በርካሽ ቢሸጥም ሁለት ያስፈልግዎታል፤ በሁለቱም ምርጫ ደግሞ የመጨረሻዋ አንድ መጠን ትጎድላለች። ይህንን ሲገዙ አንስተው ይጠይቁ እንጂ በ7ኛው ቀን ማታ ባዶ ጠርሙስ ይዘው አይጨነቁ። እኔ ብሆን 250ውን እመርጣለሁ፤ መድኃኒት የምትተፋ ልጅ 10 ሚሊ ሊትር ከማስዋጥ 5 ሚሊ ሊትር ማስዋጥ ይቀላል።

ከየት ለሚለው፣ የጤና መድን አባል ከሆኑ መጀመሪያ ውል ካለው የመንግሥት ተቋም፣ ማለትም ከጤና ጣቢያዎ ወይም ከታከመችበት ሆስፒታል ፋርማሲ ይጠይቁ። እዚያ ከጠፋ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አካባቢም ሆነ በመርካቶ በኩል የግል ፋርማሲዎች አሉ። አንዱን ከሌላው የምለይበት መስፈርት የሱቁ ስፋት ወይም መድኃኒቱ የተመረተበት አገር ስም አይደለም። የልጅቷን ክብደት የሚጠይቅ፣ በዱቄት መልክ የሚመጣውን ሽሮፕ እርስዎ ፊት በውኃ በጥብጦ የሚያሳይ፣ መጠኑን በሚሊ ሊትር፣ የተበጠበጠበትንም ቀን ጠርሙሱ ላይ የሚጽፍና መለኪያ የሚሰጥ ባለሙያ ካገኙ ትንሽ ቢያስከፍልም ከእርሱ ይግዙ። ዱቄቱን እንዳለ ሰጥቶ «ውኃ ጨምሪበት» ብሎ የሚሸኝ ግን ሥራውን በእርስዎ ላይ ጥሎታል።

ቤት መበጥበጥ ግድ ከሆነ ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። በቅድሚያ ጠርሙሱን መታ መታ አድርገው የረጋውን ዱቄት ያላቅቁ፤ ከዚያ ውኃውን እስከ ግማሽ ጨምረው በደንብ ይነቅንቁ፤ አረፋው ሲቀመጥ ምልክቱ ድረስ ይሙሉና እንደገና ይነቅንቁ። በአንዴ ሞልቶ መነቅነቅ ከታች የረጋ ዱቄት ያስቀራል፤ አረፋውን ሳይጠብቁ መሙላት ደግሞ መስመሩን ያሳስታል። ከዚያ በኋላም በየጊዜው ከመስጠትዎ በፊት መነቅነቅ አይቀርም። ሁለት ጠርሙስ ከገዙ የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛውን አይበጥብጡ።

ስለ ፍሪጅ፣ የተበጠበጠ አሞክሲሲሊን እንደ አምራቹ 7 ወይም 14 ቀን ይቆያል፤ ብዙዎቹ ከ25 ዲግሪ በታች ፍሪጅ ሳይገቡም እንዲቀመጡ ስለሚፈቅዱ ጽሑፉን ያንብቡ ወይም ያስነብቡ። የጅማ አየር በአብዛኛው ለዚህ አይከፋም፤ ቀን ቀን ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ቤቱን ስለሚያግል ለጣሪያው በቀረበ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን ከምድጃና ከመስኮት የራቀ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ላይ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ያኑሩት። አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የተጣመረበት መድኃኒት ከታዘዘ ግን ከተበጠበጠ በኋላ ፍሪጅ ስለሚፈልግ፣ ፍሪጅ እንደሌለዎት ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ።

የሁለት ልጆች እናት፣ መንደራ ቆጪ

ስለ መለኪያው እኔ ልጨምር። የቡና ስኳር የምናማስልበት ማንኪያ ከቤት ቤት ስለሚለያይ ለመድኃኒት አይሆንም። ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣው የፕላስቲክ ኩባያ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተቀምጦ በዓይን ትይዩ ካልታየ ያሳስታል፤ መድኃኒቱም ግድግዳው ላይ ይቀራል። ከሁሉም የሚሻለው መርፌ የሌለው አዲስ ሲሪንጅ ነው። የ5 ወይም የ10 ሚሊ ሊትሩን ከፋርማሲ ገዝተው መርፌውን እዚያው እንዲያስቀሩልዎ ይጠይቁ፤ ሲሪንጁ ክዳን ካለው ክዳኑን ይጣሉት፤ ልጅ ሊያንቅ ይችላል። ልጅቷን ቀና አድርገው ያስቀምጡና ወደ ጉሮሮዋ ሳይሆን ወደ ጉንጯ ውስጠኛ ጎን በጥቂት በጥቂቱ ይጭመቁ። አፍንጫ ይዞ ማስዋጥ ፈጽሞ አይገባም። በጡጦ ሙሉ ወተት ውስጥ መቀላቀልም ጥሩ አይደለም፤ ወተቱን ካልጨረሰችው መድኃኒቱም አብሮ ይቀራል። በላዩ ውኃ ወይም ሙዝ ይበቃል። የጅማ ማር ለ3 ዓመት ልጅ ጣፋጭ ማባበያ ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።

ነርስ፣ ጊንጆ

በውኃ የሚሟሟው የአሞክሲሲሊን እንክብልም ይታወስ። ለሕፃናት የሳንባ ምች በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ የሚሰጠው ይኸው ነው፤ ፍሪጅ አይፈልግም፤ በሚሰጥበት ሰዓት በማንኪያ ንጹሕ ውኃ ይሟሟል። ይሁን እንጂ ሽሮፑን በእንክብሉ የሚተካው ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ እንጂ ቤተሰብ አይደለም።

ጠያቂ፣ ቦሳ ኪቶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ 250ውን ገዛሁ። ካስመለሳትስ? ሰዓቱ ካለፈብኝስ?

ፋርማሲስት፣ ሄርማታ

በ30 ደቂቃ ውስጥ ካስመለሳት ያንኑ መጠን እንደገና ይስጧት፤ ከዚያ ካለፈ ቀጣዩን ሰዓት ይጠብቁ። ደጋግማ ካስመለሰች ወደ ታከመችበት ይመለሱ። ሰዓቱን ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 8፣ ከምሽቱ 4 ብለው ቢይዙት በ8 ሰዓት ልዩነት ይሆንልዎታል። ረስተው ካለፈ እንዳስታወሱ ይስጡ፤ ቀጣዩ ከቀረበ ግን ያለፈውን ይተዉት፤ ሁለቱን በአንድ ላይ መስጠት አይፈቀድም። ትኩሳቷ ቢበርድም የታዘዘላትን ቀን ሳይሞላ አያቋርጡ፤ የተረፈውንም ለታናሽ ወንድም አያስቀምጡ። ቀለል ያለ ተቅማጥ ሊኖር ስለሚችል ፈሳሽ አብዝተው ይስጧት፤ ከጠናባት ወይም ደም ካዩበት ያሳዩዋት። ሰውነቷ ላይ ሽፍታ ከወጣ ቀጣዩን ሳይሰጡ ሐኪም ያማክሩ፤ ፊቷ ወይም ከንፈሯ ካበጠ ወይም መተንፈስ ከከበዳት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት፤ ጠርሙሱንም ይዘው ይሂዱ። የመድኃኒቱ ጥራት ካጠራጠረዎት ወይም ያልተጠበቀ ጉዳት ካደረሰ ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይቻላል።