የኤሌክትሪክ መኪናዬ የፊት ሾክ አልቆ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

የሰሚቷ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳት የቮልስዋገን አይዲ 4 ናት፣ ከቻይና የገባች፣ በኋላ ጎማ የምትሄድ። ሰሞኑን ከፊት በቀኝ በኩል ቋ ቋ የሚል ድምፅ ጀምራለች። ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብዬ ስሄድ ይብሳል፣ አስፋልት ላይ ይጠፋል። ፍሬን ስይዝ ደግሞ አፍንጫዋ ከበፊቱ ይልቅ ይደፋል። ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ከፊት አንዴ በእጁ ጫን አድርጎ ለቀቃትና «አራቱም ሾክ ይቀየር» አለኝ። ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ሾክ መሆኑን በምን ላረጋግጥ? ኤሌክትሪክ ስለሆነችስ ማንም መካኒክ ቢፈታት ችግር የለውም?

ባለጋራዡ፦
እህቴ፣ ብር ከማውጣትሽ በፊት ትንሽ ታገሺ። በእጅ ተጭኖ መፈተሽ ለቀላል መኪና ትንሽ ይጠቅማል። ያንቺ ግን ከነባትሪዋ 2 ቶን ገደማ ናት፣ ሞላዋም ጠንካራ ነው። በዚህ መንገድ የሚታወቀው ጭራሽ የሞተ ሾክ ብቻ ነው።

የነገርሽን ሁለት ነገር ለየብቻ እዪው። በዝግታ ትንንሽ ጉብታ ላይ የሚንቋቋው ብዙ ጊዜ የስታቢላይዘር ሊንክ ነው፣ ወይም የስታቢላይዘሩ ጎሚኒ። ስታቢላይዘር ግራና ቀኙን አያይዞ መኪናዋ ወደ ጎን እንዳታዘነብል የሚይዝ ብረት ነው፣ ሊንኩ የእሱ አጭር ማገናኛ ዘንግ። የአፍንጫው መደፋት ግን ወደ ሾክ ይጠቁማል። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ሊንኩን ለመፈተሽ ሁለቱም የፊት ጎማዎች እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ። ወይ ሁለቱም መሬት ላይ፣ ወይ ሁለቱም በአየር ላይ። አንዱን ጎን ብቻ በክሪክ ካነሱት ስታቢላይዘሩ ይጠመዘዝና ሊንኩን ወጥሮ ይይዘዋል፣ ያለቀው ሊንክ ደህና መስሎ ያልፋል። ይህን ስንት ሰው እንደሚስተው ባየሽ! እኩል ሲሆኑ ሊንኩን በእጅ ጨብጦ መነቅነቅ ነው። ቀጭ ካለ አልቋል። የሎወር አርሙን (ጎማውን ከሥር የሚይዘውን ክንድ) ጎሚኒና ቦል ጆይንቱን (የክንዱን ኳስ መገጣጠሚያ) እዚያው ያስፈትሹልሽ።

ለሾኩ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሪና በስልክሽ መብራት ከጎማው ጀርባ ሾኩን ተመልከቺ። አቧራ መከላከያው ጎማ ከፍ ሲል ዘንጉ አጠገብ ትንሽ ወዝ ቢኖር አያሳስብም። ዘይቱ በሾኩ ገላ ላይ ወርዶ፣ ጭቃ ተለጥፎበት እርጥብ ሆኖ ካየሽው ግን አበቃ። ቀጥሎ መዳፍሽን በጎማው ጥርስ ላይ ዙሪያውን አሂጂው። እዚህ ጎድጎድ፣ እዚያ ጎላ እያለ ከተሰማሽ ጎማው መንገዱ ላይ ሲዘል ከርሟል ማለት ነው።

ራይድ የምሠራበት፦
እኔም የኤሌክትሪክ ነው የምነዳው። የሞተር ድምፅ ስለሌለ በነዳጅ መኪና የማንሰማውን ሁሉ እንሰማለን፣ ስለዚህ ድምፅ ሁሉ አያስደንግጥሽ። ከሁሉ በፊት የጎማሽን አየር ለኪ። ትክክለኛው ልክ በሾፌሩ በር በኩል ያለው ስቲከር ላይ ተጽፏል። ጎሚስታ ቤት በግምት ሲነፉት ከልክ ያልፍና መኪናዋ ደረቅ ትሆናለች፣ ሰው ሾክ ነው ብሎ ይደነግጣል። መሪ ቆመሽ ስታዞሪ «ድንግ» የሚል ነገር ካለ ደግሞ የሾኩን የላይኛውን ኩሽኔታ ጠርጥሪ።

ባለጋራዡ፦
ትክክል ነው። ማን ይፍታት ላልሽው፣ ሾክ መቀየር ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለበትን ክፍል አይነካም። ብርቱካናማ ገመድ ያለበት ቦታ እጅ አይግባ፣ ይኸው ነው። ነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ጎበዝ መካኒክ «ኤሌክትሪክ አልነካም» ሲል እሰማለሁ። እግር ሥራ (ሾክ፣ ሞላ፣ ሊንክ) ግን ያው እግር ሥራ ነው።

አጥብቄ የምነግርሽ ስለ ክሪኩ ነው። የመኪናዋ ሆድ በሙሉ ባትሪ ነው። ክሪክ የሚገባው ከበሩ ሥር ጠርዝ ላይ በተመደቡት አራት ቦታዎች ብቻ ነው። መሀል ላይ ተደግፋ የባትሪው ሽፋን ቢጎረብጥ ጉዳቱ ከሾክ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ክሪክ ሲያገቡ አጠገባቸው ቁሚ፣ አትፈሪ፣ መኪናሽ ናት።

የፊቱ ሾክ ከሞላው ጋር አንድ ላይ ነው የሚወጣው። ሞላው በደህና መጨመቂያ ሳይያዝ የላይኛው ዳዶ አይፈታም፣ ሞላው ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። የፍሬን ቱቦና የኤቢኤስ ሽቦ ከሾኩ ላይ ቀድመው ይላቀቁ። ከኋላ ያንቺ መኪና ሾኩና ሞላው ለየብቻ ስለሆነ ሥራው ይቀላል። ግን የኋላውን ማን ፈተሸው? ካላፈሰሰ ለምን ይቀየራል?

ሶማሌ ተራ መለዋወጫ፦
ሾክ በጥንድ ነው፣ ግራና ቀኝ አብሮ። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ፍሬን ስትይዢ መኪናዋ ትስታለች። ስትገዢ የሻንሲ ቁጥሯን ይዘሽ ነይ፣ «ይመሳሰላል» የሚልሽን አትስሚ። ቁመቱ ልክ ቢመጣም ለቀላል መኪና የተሠራ ሾክ ይህን ክብደት አይችልም። ከሾኩ ጋር የላይኛውን መቀመጫ፣ ኩሽኔታውን፣ የውስጡን ጎሚኒና አቧራ መከላከያውን አብረሽ ቀይሪ። በኋላ ለእነሱ ብለሽ የእጅ ዋጋ ሁለቴ ትከፍያለሽ። ዳዶዎቹም አዲስ ይሁኑ።

የሰሚቷ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌላ ጋራዥ ወሰድኳትና እንዳላችሁት ሁለቱን ጎማ እኩል አንስተው አዩ። የቀኙ ሊንክ አልቋል። የግራው የፊት ሾክ ዘይት አፍስሷል፣ የኋላዎቹ ደረቅ ናቸው። ሁለቱን የፊት ሾክና ሁለቱን ሊንክ ቀየርን። ድምፁ ጠፋ፣ አፍንጫዋም አይደፋም። አሁን ግን ቀጥ ብዬ ስሄድ መሪው ትንሽ ወደ ግራ ዞሮ ይቆማል። ተበላሽቶ ነው?

ባለጋራዡ፦
እንኳን ደስ አለሽ። አልተበላሸም፣ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አልተሠራም ማለት ነው። ሾክ ከተፈታ በኋላ ግዴታ ነው፣ ካልሆነ አዲስ ጎማ ባጭር ጊዜ ይበላል። አላይመንቱን ሲጨርሱ የመሪውን ሴንሰር በኮምፒውተር ዜሮ ያድርጉልሽ። መሪውን አውጥተው አሽከርክረው እንዲመልሱት ግን አትፍቀጂ።