የልጆቻችን የፖላንድ ጉዞ፦ ለማዘጋጃ ቤቱ የምናስገባውን ሐሳብ አብረን እንቅረጽ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የመጣን አይሁዶች፣ የናዚዎችን ጭፍጨፋ ቦታዎች ለማየት ወደ ፖላንድ ስለሚሄዱት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆቻችን የምናስገባውን ሐሳብ እዚሁ እንጨርሰው። መነሻው ይህ ነው፦ ስምንት ቀን፤ ዋርሶ፣ ትሬብሊንካ፣ ሉብሊን፣ ማይዳኔክ፣ ክራኮው፣ አውሽቪትዝ። ትሬብሊንካ፣ ማይዳኔክና አውሽቪትዝ ናዚዎች አይሁዶችን የፈጁባቸው ካምፖች ናቸው። በገንዘብ ምክንያት የሚቀር ልጅ እንዳይኖር ድጎማ እንጠይቃለን። የጎደለውን ሙሉበት።

እናት፣ ከረሆቮት፦ እግዜር ይስጥልን ጋሼ። የኔ ልጅ አምና ሄዳ ነበር። የተመለሰች ማታ ሻንጣዋን በር ላይ ጣለችና ወጥ ቤት ገብታ «እማዬ፣ ሱዳን ላይ የሞተችው አክስቴ ስሟ ማን ነበር?» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። አውሽቪትዝ ላይ ከመስታወት ጀርባ የተከመሩ ሻንጣዎች አይታለች። ባለቤቶቹ ስማቸውን በነጭ ቀለም ጽፈውባቸዋል፤ ይመለስልናል ብለው። የማታውቃትን ሴት ስም ስታነብ የገዛ አክስቷን ስም አለማወቋ አንገበገባት። እባካችሁ፣ ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት ከአያቶቻቸው ጋር ይቀመጡ።

አባት፣ ከአሽዶድ፦ ሁለቱን ሐዘን ባንቀላቅል ደስ ይለኛል። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ስንመጣ 4 ሺህ ያህል ሰው በረሃብ፣ በበሽታና በሽፍታ አልቆብናል። ናዚዎች ግን አንድን ሕዝብ ከምድር ለማጥፋት አቅደው ነው 6 ሚሊዮን አይሁዶችን የፈጁት። ለኛ ሟቾች ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ አለን፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን እንሰበሰባለን። ፖላንድ ላይ ስለ ፖላንድ ይስሙ።

እናት፣ ከረሆቮት፦ ወንድሜ፣ እናወዳድር አላልኩም። እቤቱ ማዳመጥ የለመደ ልጅ እዚያም ጆሮ ይኖረዋል ነው የምለው።

አባት፣ ከአሽዶድ፦ እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ።

መምህርት፦ ሁለት ጊዜ ተማሪዎች ይዤ ሄጃለሁ። በአንድ ቀን ሁለት ካምፕ አታድርጉባቸው። ሁለተኛው ላይ ዝም ይላሉ፤ ድካም እንጂ ሐዘን አይደለም። ለትሬብሊንካ ሙሉ ቀን ስጡት። ጀርመኖች ካምፑን አፍርሰው ስለሄዱ የሚታይ ሕንፃ የለም፤ ያለው 17 ሺህ ያህል የቆመ ድንጋይ ነው። አንዳንዶቹ ላይ የከተማ ስም ተቀርጿል። የሰው ስም ያለበት ድንጋይ አንድ ብቻ ነው፦ የያኑሽ ኮርቻክ። በነሐሴ 1942 የሚያሳድጋቸውን 200 ያህል ወላጅ አልባ ልጆች አልተውም ብሎ ወደዚህ ካምፕ አብሯቸው የሄደው ሐኪም ነው። እዚያ ድንጋይ ጋ አታጣድፏቸው።

ሌላው፣ ሕይወታቸውንም ይዩ። ከጦርነቱ በፊት ፖላንድ ውስጥ 3.3 ሚሊዮን ገደማ አይሁዶች ይኖሩ ነበር። የክራኮውን የረሙ ምኩራብ፣ በ1930 የተከፈተውን የሉብሊን የሺቫ (የሃይማኖት ትምህርት ቤት)፣ ዋርሶ ያለውን፣ የፖላንድ አይሁዶችን ታሪክ የሚያሳየውን የፖሊን ሙዚየም ሳያዩ አሟሟታቸውን ብቻ አይተው ከተመለሱ አላወቋቸውም። እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ ከያድ ቫሼም (ኢየሩሳሌም ያለው የጭፍጨፋው ሰለባዎች መታሰቢያ) መዝገብ አንድ የሟች ስም ይምረጥ። ስሙን ይዞ ይሂድ፤ እዚያ ጮክ ብሎ ያንብበው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ እኔም ልናገር። ክፍል ውስጥ አንዱ «አንተ ምን አገባህ? የናንተ አያቶች እዚያ አልነበሩም» አለኝ። መልስ አጣሁ። ግን መሄድ እፈልጋለሁ።

አዛውንት፣ ከነታንያ፦ ልጄ፣ ስማኝ። ጎንደር ሳለን ስንጸልይ ፊታችንን ወደ ኢየሩሳሌም እናዞር ነበር። የሉብሊኖቹም ወደዚያው ነበር የሚዞሩት። ሳንተዋወቅ ወደ አንድ ቦታ ስንጸልይ ኖርን። እነሱ ሳይደርሱ ቀሩ። እህቴም ሱዳን፣ ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ላይ ቀረች። ሲጠይቁህ እንዲህ በላቸው። ልጆቹን ላኩልኝ፣ ቡና አፍልተን እናወጋለን። ከቤተ እስራኤል ቄሶቻችንም አንዱን እጠይቃለሁ፤ ከመሄዳቸው በፊት በግዕዝ ይመርቃቸው።

ሰብሳቢ፦ አባባ፣ ዕድሜ ይስጥልን። እንግዲህ ረቂቁ ላይ የገባው፦ ከጉዞው በፊት ከሽማግሌዎች ጋር ሦስት ምሽት፤ በቀን ከአንድ ካምፕ በላይ አይኬድም፤ ትሬብሊንካ ሙሉ ቀን፤ ረሙ፣ የሺቫውና ፖሊን ተጨምረዋል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ስም፤ ድጎማው እንዳለ ነው። ተማሪው የጻፈውን፣ ከፈቀደልኝ፣ ስሙን ሳልጠቅስ የደብዳቤው መግቢያ አደርገዋለሁ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ ፈቅጃለሁ። የአባባንም መልስ ከሥሩ ጻፉት።